ክብርት አዋጅ መቀሷን ስታስቀምጥ

ሰው በሚሠራበት ቦታ ሁሉ አንድ ሆዱ በር የሌለው ሰው አይጠፋም። ለእኛ ልብስ ስፌት ቤት የደረሰችን ክብርት አዋጅ ናት።

ስሙን ያወጣንላት እኛ ነን። ሌላው ሰው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የሚያልፈውን እሷ አታልፈውም። መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ታደርጋለች፤ ስድስቱም የስፌት መኪና ቀጥ ይላል።

«ይታወቅልኝ፣ ዛሬ ያረፈድኩት ታክሲ አጥቼ ሳይሆን ተኝቼ ነው።»

«ይታወቅልኝ፣ ይህ ጠጉር ቀለም ነው።» ማንም አልጠየቃትም።

አንዴ የቀሚሷ ዚፕ አልዘጋ ብሏት እንባ የተናነቃትን ደንበኛ፣ «ይታወቅልኝ እመቤቴ፣ እርስዎ ወፍረው አይደለም፤ እኔ ነኝ ያጠበብኩት» አለቻት። ሴትየዋ አቅፋ ሳመቻትና ሁለት ቀሚስ ጨምራ አዘዘች።

እኔ ግን እፈራት ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ የሙሽራ ኮት ስቆርጥ፣ ጨርቁ ታጥፎ አልበቃ ስላለኝ ሳላጥፈው ዘረጋሁና ሁለተኛውን እጅጌ ስቆርጥ የወረቀት ልኩን መገልበጥ ረሳሁ። ሁለቱም እጅጌ የግራ ሆነ። የቤቱ ባለቤት ጋሼ ደግሞ «ከእንግዲህ ጨርቅ ያበላሸ ጓዙን ይጠቅልል» ካሉ ሳምንት አልሞላቸውም። እጅጌዎቹን ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ሸጎጥኳቸው። ቀና ስል ክብርት አዋጅ ታየኛለች።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሁለቱን ግራ እጅጌ አንጠልጥለው መጡ። «የማን ሥራ ነው?»

ጠቅ። አለቀልኝ አልኩ።

«ይታወቅልኝ፣ ማን እንደቆረጠው አውቃለሁ፤ አልናገርም።»

«አንቺ? ከመቼ ወዲህ?»

«የማውጀው የራሴን ነው፣ ጋሼ። የሰው ጉድ አውጥቼ አውቃለሁ?»

ሁላችንም አሰብን። መርፈዱ የራሷ፣ ጠጉሩ የራሷ፣ ዚፑም የራሷ ጥፋት። በሰባት ዓመት ውስጥ የእኛን ስንት ጉድ አይታ አንዱን ትንፍሽ አላለችም።

ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። ያ ነው ያልቻልኩት። መቀሴን አስቀመጥኩ፤ ጠቅ።

«ይታወቅልኝ» አልኩ፤ ድምፄ ዘይት እንደጠማው ፔዳል ሲጢጥ አለ። «እኔ ነኝ።»

 ጋሼ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እንግዲህ ይታወቅልኝ፣ እኔም በጉብዝናዬ ዘመን ሁለት የቀኝ ቆርጫለሁ። ሂድ፣ ጨርቅ ፈልግ። ሙሽራው ቅዳሜ ነው የሚመጣው።»

ቀኝ እጅጌው ተገኘ፤ እኔም ጓዜን አልጠቀለልኩም።

አሁን የቀረኝ አንድ አዋጅ ነው። ክብርትን እወዳታለሁ። እሱን ፊቷ ላይ ለመናገር ግን እስካሁን መቀሴን እየሳልኩ ነው።