የአያ ተሻገር ክንድና የትራክተሩ ኮፈን

እግዚአብሔር አንድ መንደር ሲያቆም መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ደግሞ ማንም ሳይጠራው መጥቶ «እስቲ ልየው» የሚል ሰው ያስቀምጥበታል። የተበላሸ ሬዲዮ፣ የማይዘጋ በር፣ የሚያነክስ አህያ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት፤ ለዚህ ሰው ሁሉም አንድ ሙያ ነው። አርብ ገበያ አካባቢ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክቡርነታቸው አያ ተሻገር ናቸው።

አያ ተሻገር ቁመታቸው አጭር፣ ወሬያቸው ረጅም ነው። ያበጁት ነገር አልገጥም ሲል «ልኩ ነው፤ ትንሽ ማግባባት ነው የሚፈልገው» ይላሉ። ማግባባት ማለት መዶሻ ነው። የጎረቤታችንን የአቶ ጓዴን በር አግባብተውት ዛሬ የሚከፈተው በትከሻ ነው። የእኔንም የእጅ ሰዓት አግባብተውልኛል፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰዓት እንደሆነ የማውቀው ሰው ጠይቄ ነው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ከኪሴ ሜትር አይጠፋም። ስለዚህ ከእሳቸው ጋር ከተገናኘን ጭቅጭቅ ነው።

ባለፈው ኅዳር ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። አክስቴ ካሣነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ በሬ የላትም። ያላት ባሏ ትቶላት የሄደው፣ ለጓሮ አትክልት የተሠራ፣ በዕድሜ እሷን ሊበልጣት ጥቂት የቀረው ትንሽ ትራክተር ነው። አውድማ ላይ እየዞረ ገብሷን የሚወቃላት እሱ ነው። ክረምት ላይ ባሕር ዛፍ ወድቆበት ኮፈኑን እንደ ቂጣ ጠፍጥፎታል። ያለ ኮፈን ይሥራ እንዳይባል ገለባው ማራገቢያው ውስጥ እየገባ ሞተሩ ያጨሳል፤ በደረቅ ገብስ መሃል ጭስ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ይታወቃል። የዓመት ቀለቧ እንደተከመረ ከወገዳ በኩል ያልተጠራ ደመና ይመጣ ጀመር።

«እስቲ ልየው» አሉ አያ ተሻገር።

ደብረ ታቦር አሮጌ ብረት ለሚሸጥ ሰው ስልክ ተደወለ። እኔ ሜትሬን ሳወጣ እጄን ገፉት።

«አስቀምጥ፣ መምህር። ሜትርን ሰው ነው የሠራው፤ ክንድን ግን እግዜር ነው።»

ሞተሩ ላይ ተጎንብሰው በክንዳቸው ለኩና ስልኩ ላይ ጮኹ፦ «ሁለት ክንድ ተስንዝር! ሰማህ? ሁለት ክንድ ተስንዝር!»

ሰውዬው እዚያው በራሱ ክንድ ለክቶ «ልክ እሱው አለኝ» አለ። አገራችን ሸማ ሲገዛ ባለ ረጅም ክንድ ፈልጎ ነው ገበያ የሚልክ። አያ ተሻገርም ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ የረሱት ሻጭም ክንድ እንዳለው ነው።

ኮፈኑ ኅዳር ሃያ ቀን በአውቶቡስ ጣሪያ መጣ። ሻጩ ቀውላላ ኖሯል፤ ከትራክተሩ በአንድ ስንዝር ረዘመ። የብሎን ቀዳዳዎቹም አንዱ ከአንዱ አልገናኝ አሉ።

«ልኩ ነው» አሉ አያ ተሻገር።

«በስንዝር ተርፏል እኮ፣ አያ!»

«ጎድሎ ቢሆንስ ምን ልታደርግ ነበር? ትንሽ ማግባባት ነው።»

መዶሻውን ሲያነሡ አክስቴ እጃቸውን ያዘች። «አያ፣ በሞቴ! እሱ ተተጣመመ ሌላ የለኝም። ደመናውን አያዩትም?» አለች።

አያ ተሻገር መዶሻውን አስቀመጡ። እንዲህ ሲያደርጉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ ስለሆነ ብረት የሚቆርጥም የሚበይድም የለም፤ በማግስቱ ደግሞ ኅዳር ጽዮን ነው፣ ሥራ አይነካም። ቤታቸው ሄደው ውሃ የጠጣ የቆዳ ጠፍርና የተሰበረ ሞፈር ይዘው መጡ። ከሞፈሩ ቆርጠው ለኮፈኑ ከፊት ድጋፍ አበጁለት፣ ከዚያ በእርጥቡ ጠፍር ከትራክተሩ ጋር ጠፍረው አሰሩት።

«ሲደርቅ ይጨብጣል» አሉኝ።

«ትራክተር ነው ወይስ የበሬ ዕቃ?» አልኩ።

ጽዮንን አክብረን በማግስቱ ስንመለስ ጠፍሩ ደርቆ ኮፈኑን አንቆ ይዞታል። አክስቴ ሞተሩን አስነሣች። ትራክተሩ ገብሱ ላይ ዞረ፣ ዞረ፤ ከላይ የሚበነው ገለባ በትርፉ ስንዝር ላይ እያረፈ ማራገቢያው ጋ አልደርስ አለ።

«ለዚህ ብዬ እኮ ነው ያስረዘምኩት» አሉ አያ ተሻገር፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። ልጮኽ አፌን ስከፍት ገለባ ገባበት።

የመጨረሻው ጆንያ ቤት በገባ ማግስት ዝናቡ ወረደ። አክስቴ በር ላይ ቆማ አለቀሰችም ሳቀችም። እኔ ከዳገቱ በታች ሸራ ሳይለብስ በዝናብ የሚደበደብ አንድ ክምር አየሁና «ያ ደግሞ የየትኛው ዝርክርክ ነው?» አልኩ።

«የአያ ተሻገር ነዋ» አለች ቀስ ብላ። «ሸራቸውን አንሥተው የእኔን ክምር አልብሰውት ነበር የከረሙ። ለመምህሩ እንዳትነግሪ ብለው አስምለውኝ ነው።»

ሳምንቱን ሙሉ ስለ አንድ ስንዝር ሲከራከሩኝ የራሳቸው የዓመት ቀለብ ሰማይ ሥር ተራቁቶ ነበር፤ የራሳቸውንም ውቂያ ትተውት ነበር። አፈርኩ። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ ይኸው ተናገርኩት።

ዝናቡ እንዳባራ መንደሩ ለደቦ ወጣ። ክምሩን አፍርሰን እርጥቡን ነዶ እየፈታን ፀሐይ ላይ እናሰጣ ጀመር። አያ ተሻገር አጠገቤ መጥተው ቆሙ፣ የመንሽ አያያዜን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መምህር፣ ገብስ እንዲህ አይገለበጥም።»

መንሹን ሰጠኋቸውና «እስቲ ያሳዩኝ፣ አያ» አልኳቸው።