በማርልቦሮ የተተከለው ድንኳን

ጸጥታ ጥሩ ነው ይላሉ። የሚሉት ግን ጸጥታን በገንዘብ የገዙ ሰዎች ናቸው፤ የገዛውን ዕቃ የሚያማ ደግሞ የለም። ልጄ ሰናይት እዚህ ካልጋሪ፣ ማርልቦሮ የሚባለው ሰፈር ቤት ስትገዛ ደላላዋ «ጸጥ ያለ፣ ዛፍ የበዛበት፣ ለቤተሰብ የሚሆን ሰፈር ነው» ብላ ነው ያሳመነቻት። አልዋሸችም። ጸጥታው ሞልቶ ተርፏል፤ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ሳስነጥስ ከመንገዱ ማዶ ያለ ውሻ ይደነግጣል። ዛፉም እውነት ነው፤ ሰመር የሚሉት በጋቸው ሲመጣ ቅርንጫፉ ከወዲያና ከወዲህ ተገናኝቶ መንገዱን እንደ ዳስ ይሸፍነዋል። ቤተሰብ የተባለውን ግን ሰባት ዓመት ፈልጌ አላገኘሁትም። ጋራዡ አፉን ይከፍታል፣ መኪናውን ከነቤተሰቡ ይውጣል፣ አፉን ይገጥማል። አለቀ።

እኔ ባደግኩበት አገር ሰፈር ጭጭ ካለ ሰው ይደነግጣል፤ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ወታደር መጥቷል። እዚህ ጭጭ ማለት ጨዋነት ነው። የጎረቤትን ስም አለማወቅ ጨዋነት ነው፣ ሲታመም አለመጠየቅ ጨዋነት ነው፣ ሲያለቅስ መጋረጃ መዝጋትማ የጨዋነት ጣሪያ ነው። ይህን ያህል ጨዋ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሳይ መቃብር ትዝ ይለኛል፤ እዚያም ማንም ማንንም አይረብሽም። እናንተ ፎረስት ሎን ሰፈር ፎቅ ላይ ተከራይታችሁ የምትኖሩት አትሳቁብኝ። እናንተማ የጎረቤታችሁን ጠብ በግድግዳ እየሰማችሁ፣ መታረቃቸውንም በወጡ ሽታ እያወቃችሁ ትኖራላችሁ። አመስግኑ።

በሰባት ዓመት ያፈራሁት ጎረቤት አንድ ነው፤ አቶ ዋልተር። ቤቱ ከቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ከሰማንያ ያለፈ፣ ግድግዳ የተደገፈ መሰላል የመሰለ ረጅም ፈረንጅ ነው። ከዚያች ሰፊ የከብት ጠባቂ ባርኔጣው ጋር አብረው የተወለዱ ይመስላሉ። እሱ አማርኛ አይችል፣ የኔ እንግሊዝኛ ከ«ቴንኪው» አያልፍ፤ ግን ተግባባን። ጠዋት ሲያየኝ ባርኔጣውን ያነሳል፣ እኔ እጅ እነሳለሁ። በዓል ሲሆን ድፎ ዳቦ ቆርሼ በአጥር አቀብለዋለሁ፣ እሱ ቲማቲም ያቀብለኛል። በረዶ ሲጥል ደግሞ የራሱን ደጅ ጠርጎ ሲጨርስ አካፋውን ይዞ ወደኛ ይሻገራል። ሰናይት ለጠዋት ሺፍት ስትወጣ መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቃታል። ማንም አላዘዘውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ተረት ለካ ባርኔጣ ያደርጋል።

በዚህ ሰመር መጀመሪያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አምቡላንስ መጥቶ ወሰደው። ዝም ብሎ ነው የመጣው፤ እዚህ ሰፈር አምቡላንስም ጨዋ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። መስኮቱ ጨለማ።

«ሂጂ ጠይቂልኝ» አልኳት ሰናይትን።

«ማንን ነው የምጠይቀው? እማዬ፣ ፕራይቬሲ የሚባል ነገር አለ። ሳይጠሩሽ አቤት ሳይልኩሽ ወዴት አትበይ።»

እኔን ያስጨነቀኝ ሞቱ አይደለም፤ ሁላችንም ሟች ነን። ያስጨነቀኝ አንድ ሰው እንኳን ሳያለቅስለት እንዳይሄድ ነው። ደጄን ለጠረገ ሰው ይህቺ የኔ ዕዳ ነች። እሷንም እንዳልከፍል ማንም የሞቱን ቀን አልነገረኝም።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ምን አየሁ? አቶ ዋልተር ደጅ ነጭ ድንኳን ተተክሏል። መኪና ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ከድንኳኑ ስር በረጅም ጠረጴዛ ላይ የሰውየው ኮቶች፣ ሸሚዞች፣ ጫማዎች ተዘርግተዋል፤ ባርኔጣው ከሁሉም ፊት ተቀምጣለች። ሰው ዝግ ብሎ ይገባል፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ልብሱን ዳሰስ ዳሰስ ያደርጋል፣ ራሱን ይነቀንቅና ይወጣል። ፍረዱኝ እንግዲህ። ድንኳን አለ፣ የሟች ልብስ ወጥቷል፣ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ነው። ለቅሶ ከዚህ በላይ ምን ይመስላል?

ሰናይት ከሌሊት ሥራዋ ገብታ ተኝታለች፤ አልቀሰቀስኳትም። ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ዘቀዘቅኩ፣ ወጣሁ። ለቅሶ ደራሽ ከሩቅ ነው ድምፁን የሚያሰማው፤ እንደ ሌባ ኮቴውን አጥፍቶ አይገባም። እኔም ከእግረኛው መንገድ ጀመርኩ።

«ወንድሜን! ወንድሜን! ዋልተርዬ!»

ሰባት ዓመት ታፍኖ የኖረ ድምፅ ነው፤ እኔን ራሴን አስደነገጠኝ። አንዲት ሴትዮ የያዘችውን የራስጌ መብራት መልሳ አስቀመጠች። ጫማውን ሊሞክር አንድ እግሩን አስገብቶ የነበረ ሰውዬ በቁሙ ቀረ። ደረቴን እየደቃሁ ወደ ጠረጴዛው ስደርስ ሙሾው ራሱ መጣልኝ፦

በረዶ ጠራጊው ሳይጠሩት የመጣ፣
ምነው ጓዙ ቀድሞት አደባባይ ወጣ!

የአቶ ዋልተር ልጅ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ፀጉረ አጭር ሴት፣ ሮጣ መጣች። አንገቷን አቅፌ አለቀስኩ። እንደ ሳንቃ ደረቀችብኝ። ምስኪን፣ ሐዘኑ አድርቋት ነው ብዬ የባሰ አለቀስኩላት። በዚህ መሃል ቀና ስል በሮች ሲከፈቱ አየሁ። ከዚያ ቤት ሁለት ሰው፣ ከወዲያኛው አራት፣ ከማዶ ሕፃን የታቀፈች ወጣት። ለካ ሰው አለ!

ሰናይትም በነጠላ ጫማ እየሮጠች ደረሰች።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው? ጋራዥ ሴል እኮ ነው!»

«ምን የሚሉት ነው እሱ?»

«የማይፈልጉትን ዕቃ የሚሸጡበት ነዋ!»

«የማይፈልገው ማን ነው? እሱ ነው እነሱ?»

ወደ አቶ ዋልተር ልጅ ዞራ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጠየቀቻት። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰውየው አልሞተም። ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ ነው። አሁን የሽማግሌዎች ቤት ሊገባ ነው፣ እዚህ ያለውም ቤት ሊሸጥ ነው» አለችኝ።

«የሚጦረው ልጅ የለውም?»

«ሦስት አሉት።»

«ሦስት!»

«እማዬ፣ ሥራ አለባቸው። በናትሽ አሁን ሶሪ በያቸውና እንሂድ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። ሰው ሁሉ እያየን ነው።»

«ይየና! ሰባት ዓመት ያላየኝ ሰው ዛሬ ቢያየኝ ዓይኑ አይጠፋ!»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፈርኩ። በቁሙ ላለ ሰው ሙሾ አውርጄ! ግን ሶሪ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ እምቢ አለ። ይቅርታ የሚጠይቅ ያጠፋ ነው፤ እኔ ምን አጠፋሁ? ኮቱን አደባባይ ያሰጣሁት እኔ ነኝ? ልጆቹን ክፉ ናቸው አልልም፤ የኔዋም በሁለት ሥራ ላይ ታች ስትል የምትውል ናት፣ የዚህን አገር ኑሮ አውቀዋለሁ። ግን ሰውየው አርባ ዓመት ከኖረበት ሰፈር ሲነቀል አንድ ጎረቤት ድምፁን ካላሰማ፣ ነውረኛው ዝም ያለው ነው እንጂ የጮኸው አይደለም። «አልልም» አልኳት። «ከፈለግሽ አንቺ በያቸው። ስሜን ግን እንዳታነሺ።»

ይህን ስንባባል ከመንገዱ ዳር ከቆመችው መኪና የኋላ በር ተከፈተ። መጀመሪያ መደገፊያ ብረቱ ወጣ፣ ከዚያ አንድ እግር፣ ከዚያ ረጅሙ መሰላል ራሱ። አቶ ዋልተር! ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ እንዲያየው አምጥተውት ኖሯል፤ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። ራሱ ባዶ ነው። ያለ ባርኔጣ አይቼው አላውቅም ነበር።

ደግፈው አመጡት። ልጁን የሆነ ነገር ጠየቃት፣ ልጁ ሰናይትን ጠየቀቻት፣ ሰናይት መሬት መሬቱን እያየች መለሰች።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ምን ሆና ነው የምታለቅሰው አለ። የሞትክ መስሏት ነው አልኩት።»

ሰውየው ጠረጴዛውን አየ፣ ኮቶቹን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ በዝግታ የሆነ ነገር ተናገረ። የሴት ልጁ ፊት ቀላ። ሰናይትም ወዲያው አልተረጎመችልኝም።

«ንገሪኝ እንጂ!»

«‹ትቀጥል› ነው የሚለው።»

ወንበር አቀረቡለት፤ የሚሸጠውን የራሱን ወንበር። ቁጭ ብሎ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። ምን ላድርግ? ሙሾ አውራጅ ሆኜ አላውቅም፤ የተጠየቀ ግን እምቢ አይልም። ነጠላዬን አቅንቼ፣ ደረቴን መድቃቱን ትቼ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ያዝኩት፦

የባርኔጣው ጌታ የእጁ ሰላምታ፣
ተጓድሎ አያውቅም ጠዋት ሆነ ማታ!

ሰናይት እየተንተባተበች ትተረጉማለች። ዳቦውን አነሳሁ፣ ቲማቲሙን አነሳሁ፣ አካፋውን አነሳሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ደጃችንን ጠረገ ስል ሰናይት ድምጿ ተቆረጠ፤ አስተርጓሚዋ ራሷ አልቃሽ ሆነች። ለካ የተጠረገውን መንገድ ስትረግጥ ኖራለች እንጂ አንድም ቀን ጮክ ብላ አመስግናው አታውቅም። አምስት የሚለውን እንደምንም ስትተረጉምለት ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። እጁን ከጉልበቱ አንስቶ አምስት ጣት ዘረጋ፣ ከሌላው እጁ አንድ ጨመረበት።

«ስድስት ነው አለ» አለችኝ ሰናይት፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

ስድስት አልኩ። የራሱን ሙሾ የሚያርም ሟች አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የሚሸጥም የሚገዛም አልነበረም። ሰዉ ቆሞ ቀረ። ልጁ አባቷ እግር ስር ተቀመጠች፤ ሳንቃው ተሰበረ፣ እሷም አለቀሰች። እሱ ባርኔጣውን አምጡልኝ አለ። የተለጠፈባትን ቢጫ የዋጋ ወረቀት በጥፍሩ ልጦ ጣለና አደረጋት፤ አድርጎም አነሳልኝ። እጅ ነሳሁ። ከጠረጴዛው ላይ የወደድሽውን ውሰጂ ብሎ አስነገረኝ። አይሆንም አልኩ፤ እኛ ዘንድ ለቅሶ የደረሰ ሰው ዕቃ ይዞ አይመለስም።

ሰናይት ቤት እንደገባን ወቀሳዋን ጀመረች። «ግን እማዬ፣ በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ ማውረድ ሟርት አይደለም?»

«ሟርትስ ሳይሰማ መቅበር ነው» አልኳት።

ድንኳኑን ከሰዓት በኋላ ነቀሉት። ሰኞ ጋራዦቹ እንደ ወትሮው ከፈቱ፣ ዋጡ፣ ገጠሙ። ይቅርታውስ አትሉኝም? አልጠየቅኩም፤ አልጠይቅምም። እንዲያውም ለሰናይትም ለእናንተም አሁኑኑ ልናገር፦ የኔ ቀን ሲቃረብ ጨዋ አትሁኑብኝ። ድንኳኑን ቀደም አድርጋችሁ ትከሉ፣ ወንበሬን ከፊት አኑሩልኝ፣ የምትሉትንም እዚያው ፊቴ በሉት። ስህተት ካለበት አርሜ እሄዳለሁ።