ማንም ያልሾማቸው የእሳት አለቃ

የትኛውም ሰፈር ብትሄዱ ከእሳት ይበልጥ የሚፈራ አንድ ሰው አይጠፋም፤ እሱም እሳቱን የሚጠብቀው ሰው ነው። እሳት ቢያንስ አልፎ አልፎ ይተኛል። ይህ ሰው አይተኛም። ክብሪት ሲጫር ሦስት ግድግዳ አልፎ ይሰማል፤ ያረረ ዳቦ ከቁልቁለቱ ማዶ ያሸታል፤ ሳይጠራ ይመጣል፤ ሲመጣም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው። በእኛ ኮረብታ፣ የቫልፓራይሶን ወደብ ቁልቁል በሚያየው ዳገት ላይ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ዶን ባልዶሜሮ ኦያርሱን ናቸው። ማንም አልሾማቸውም። ስለዚህ ማንም ሊሽራቸው አልቻለም።

እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄም ከቤታቸው ሁለት ደጃፍ ወረድ ብሎ ነው። የምነግራችሁ በወሬ የሰማሁትን ሳይሆን በገዛ ራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

ዶን ባልዶሜሮ እሳት ይጠላሉ ብላችሁ እንዳታስቡ። እንዲያውም እንደሳቸው እሳት የሚወድ ሰው አላየሁም። «እስቲ እሳት ባይኖር አንተ ማን ነበርክ?» ይሉኛል። «ጥሬ ድንች እያኘክ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥክ፣ ጢምህን በቀዝቃዛ ውሃ የምትላጭ ፍጡር።» ለእሳት ያላቸው ስሜት ቤተሰብ ሁሉ መጠጥ ለሚያበዛ አማቹ ያለው ዓይነት ነው። እሱ ከሌለ ድግሱ አይደምቅም፤ ከመጣ ደግሞ አንድ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሊጠብቀው ይገባል። ያ አንድ ሰው እሳቸው ናቸው። ምክራቸውን ሰጥተው ሲያበቁ ምንጊዜም የሚሉት አንድ ነው፤ «እኔ ተናግሬያለሁ። በኋላ እንዳትጠሩኝ።» በኋላ የማይጠራቸው ሰው ግን የለም።

እኛ ዘንድ እሳት የሚያጠፋ ሰው ደሞዝ የለውም። ሳይረኑ ሲጮህ ጠበቃው መዝገቡን፣ ዳቦ ጋጋሪው ሊጡን ጥሎ ይሮጣል። ዶን ባልዶሜሮ ደግሞ ጸጉር አስተካካይ ነበሩ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይረን በጮኸ ቁጥር ጥለው የሮጡት ጸጉር አስተካካዮች የሚጥሉትን ነገር ነው፤ ማለትም ሰውን፣ ከነሳሙናው። በሰፈራችን ግማሽ ጢም ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ብታዩ ማንም አይስቅበትም ነበር፤ የሆነ ቦታ ቤት እየነደደ ነው ማለት ነው። እኔ በሠርጌ ዕለት ጠዋት ተቀመጥኩላቸው። ቀኝ ጉንጬን ጨርሰው ወደ ግራው ሲዞሩ ሳይረኑ ጮኸ። ነፍሷን ይማርና ሚስቴ ኦርቴንሲያ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስታየኝ ያለችው «የትኛውን ግማሽ ነው የማገባው?» ነው። የሠርጌን ፎቶ ያየ ሁሉ ለምን በጎን እንደቆምኩ ይጠይቀኛል።

ጡረታ ሲወጡ ያርፋሉ ብለን ነበር። ጡረታ ለካ ለእኛ አልነበረም። ቀድሞ ጢም ለመላጨት የሚያጠፉት ሰዓት ሁሉ ለእኛ ተረፈ።

የጎረቤታችንን የዶኛ ኤርሲሊያን ዘጠናኛ ዓመት ስናከብር የልጅ ልጆቿ ኬኩ ላይ ዘጠና ሻማ ሰክተው ነበር። ዶን ባልዶሜሮ በሁለት እጃቸው ሁለት ባልዲ ውሃ ይዘው ገቡ።

«ኤርሲሊያ፣ ይሄ ኬክ አይደለም። ይሄ ሰደድ እሳት ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዘጠና ዓመት ኖሬ ኖሬ ዕድሜዬን አንተ ልትቀንስልኝ ነው?»

ድርድሩ አንድ ሰዓት ፈጀ። ለእያንዳንዱ አስር ዓመት አንድ ሻማ ተፈቀደ። ዘጠኙ ተለኮሱ፤ ኤርሲሊያ እፍ አለች፤ ስምንቱ ጠፉ። ዘጠነኛው ትንሽ ሲያንገራግር ዶን ባልዶሜሮ አላመነቱም፤ ባልዲውን ኬኩ ላይ ደፉበት። የዚያን ዕለት ኬክ በማንኪያ ጠጣን።

እኚህን ሰው ምን እንዲህ አደረጋቸው ካላችሁ ይህንም ልንገራችሁ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት በጥር ሐሩር፣ ከሸለቆው ሥር የተነሳ እሳት ነፋስ ይዞት ወደ እኛ ወጣ። ቤቶቻችን እንጨትና ቆርቆሮ ናቸው፤ ተጠጋግተው የተሠሩም ስለሆነ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው ይሰማል። ዶን ባልዶሜሮ ኤርሲሊያን በጀርባቸው አዝለው አወጧት፤ እሷ ደግሞ የስፌት መኪናዬን ትተህ ነው የምታወጣኝ እያለች እስከ ታች ድረስ በቦርሳዋ ጭንቅላታቸውን ትደበድብ ነበር። ከዚያ ተመልሰው እሳቱ እንዳይሻገር የእኔን ጣራ ማፍረስ ያዙ። ሦስት ቤት ነደደ፤ ሰው ግን አልሞተም። ከሦስቱ አንዱ የራሳቸው ነበር። የነደደው እሳቸው የኔ ጣራ ላይ ሳሉ ነው፤ ከዚያ ላይ ሆነው እያዩት።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው የከሰስነው።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ሐምሌ ነው። ዶን ባልዶሜሮ በሰባ ስድስት ዓመታቸው የጭስ ማውጫ ቱቦዎቻችንን ሊመረምሩ ጣራ ላይ መውጣት ጀመሩ። ያም ሳያንስ ኤርሲሊያ ቤቱ ጥሩ ጥሩ እንዲሸት የላምባ ማሞቂያዋ ላይ የምታስቀምጠውን የብርቱካን ልጣጭ «ማገዶ ነው» ብለው በመስኮት ወረወሩባት። እናት አያቶቿ ሁሉ ልጣጭ ሲያስቀምጡ የኖሩ ሴት ናት። ስልኳን አንስታ ሳንቲያጎ ለምትኖረው ለዶን ባልዶሜሮ ልጅ ለኢቮን ደወለችና አባትሽን ያዢልን አለቻት። እውነቱን ለመናገር እሷ ብቻ አይደለችም። በዚያ ወር ለኢቮን አስራ አንድ ሰው ደውሏል። አስራ አንደኛው ማን እንደሆነ ለጊዜው አትጠይቁኝ።

ኢቮን አፈረች። መስከረም አስራ ስምንት፣ ለአገራችን የነጻነት በዓል መጥታ አባቷን ይዛ እንደምትሄድ ቁርጡን ነገረችን። ዶን ባልዶሜሮ ዜናውን ሱቄ ድረስ ይዘውልኝ መጡ።

«አስራ አራተኛ ፎቅ ነው» አሉ፤ ቁጭም አላሉ። «ምድጃዋም እሳት የለውም።»

«ታዲያ በምን ታበስላለች?»

«በመስታወት። ጥቁር መስታወት ነው። ድስት ካልተጣደበት አይሞቅም ትላለች።»

«ለእርስዎ እኮ እረፍት ነው፣ ዶን ባልዶሜሮ።»

«ሲሪሎ» አሉኝ፣ «እዚያ ቤት ምን እጠብቃለሁ?»

የያዝኩትን ሶል ቸንክሬ ጨረስኩና በቀጥታ ኤርሲሊያ ቤት ሄድኩ። እሷም ስታለቅስ ደረስኩ፤ ንዴት ነው አለችኝ።

መላውን ያመጣችው እሷው ናት። «ልጅቷ አባቷ እንደሚያስፈልገን በዓይኗ ትይ። ስትመጣ ሁላችንም ቤታችንን ትንሽ አደገኛ እናድርገው። ትንሽ ነው ያልኩት፤ ሰማህ?»

ቀላል መስሎን ነበር። አራት ቀን ሙሉ አንድ የተሰነጠቀ የጋዝ ቱቦ ብንፈልግ በሰፈሩ ጠፋ። ሁሉም አዲስ ነው፤ ሁሉም በሳሙና አረፋ ተፈትሿል። ልብስ የተከመረበት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ የለም፤ በሸለቆው አፋፍ ላይ እንኳ አንድ ደረቅ ቁጥቋጦ አልቀረም። ያኔ ነው ሰውየው ሠላሳ ዓመት ምን ሲሠሩ እንደኖሩ የገባኝ። አደጋውን ከባዶ መሥራት ግድ ሆነብን።

በዓሉ ደረሰ። ባንዲራው ተሰቀለ፣ ልጆች በክር የሚያበርሩትን ወረቀታቸውን ነፋስ ላይ ለቀቁ፣ ከየግቢው የከሰል ሽታ ተነሳ። ኢቮን በጠዋቱ አውቶቡስ መጣች። የዶን ባልዶሜሮ ሻንጣ በር ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሳቸውም ሱፍ ለብሰው፣ በዚህ ቀን ስለ እሳት አንዲት ቃል እንደማይተነፍሱ ለልጃቸው ቃል ገብተው ነበር። ይህን እኛ አናውቅም ነበር።

ሰፈሩን ሊሰናበቱ ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የኤርሲሊያ ቤት ነው። እርጥብ ካልሲዎቿን በተለኮሰው ማሞቂያ አናት ላይ ደርድራ ትጠብቃለች። ዶን ባልዶሜሮ ካልሲዎቹን አዩ። ማንቁርታቸው ወጣ፣ ወረደ።

«እንኳን አደረሰሽ፣ ኤርሲሊያ» አሉና አለፉ።

ቀጥሎ ባለው ቤት ኢምፓናዳ፣ ሥጋ የሚሞላው የበዓል ሊጥ፣ የሚጠበስበት የፈላ ዘይት ተጥዷል፤ መጋረጃው ከላዩ ይወዛወዛል። ቆሙ። ላባቸውን ጠረጉ።

«ደስ የሚል መጋረጃ ነው» አሉ።

ኢቮን ፈገግ አለች። «አያችሁ? አባዬ እኮ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ፎቁን ይለምደዋል» አለችን። ኤርሲሊያ ከኋላ ሆና በክርኗ ጎሸመችኝ። ነገሩ ሁሉ እየተገለበጠብን ነበር፤ እኛ ባሰናዳነው ወጥመድ ልጅቷ አባቷን በሰላም ጠልፋ ልትሄድ ነው።

የቀረሁት እኔ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ከሰሉ ግማሽ በግማሽ ተያይዟል፤ ፍርግርጉ ላይ ግን ገና ምንም አልወጣም። በትልልቅ ፊደል «ላምባ» የተጻፈበት ጠርሙስ አነሳሁ። ውስጡ ውሃ ነው፤ ለወዳጅነት ብዬ ቅንድቤን አላቃጥልም። የተያያዘ ከሰል ላይ ላምባ መድፋት ግን በእኛ ዘንድ ድርብ ወንጀል ነው፤ ሰውም ያቃጥላል፣ ሥጋም ያበላሻል። ቡሹን ነቀልኩ። ጠርሙሱን ከፍሙ በላይ ዘቅዘቅ እያደረግሁ ዶን ባልዶሜሮን ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሰውዬ፣ ጠርሙሱን አስቀምጥ።»

ድምፁ የመጣው ከኢቮን ነው። ዶንነቴም አንቱታዬም በአንድ ጊዜ ተገፈፈ። «አስቀምጥ አልኩህ እኮ። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ። ልጆቹን ከዚያ አርቁልኝ። ይሄ ሰው ጤነኛ ነው?» ጠርሙሱን ከእጄ ነጠቀች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያላት መሰለችና ወደ ታች፣ ወደ መጣችበት ደረጃ ዞረች። «ቆይ። እዚያ ታች ያ ካልሲ... ያ መጋረጃስ?» እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ነበር፤ ራሷ አላወቀችውም።

ጠርሙሱን ለአባቷ ሰጠቻቸው። «አባዬ፣ እስቲ አሽትተው።»

ይህ አፍንጫ ከሦስት ቤት ወዲያ ያረረ ዳቦ የሚለይ አፍንጫ ነው። ዶን ባልዶሜሮ ጠርሙሱን አስጠግተው በደንብ ሳቡ። እኔን አዩኝ። ኤርሲሊያን አዩዋት። ደረጃው ላይ የተኮለኮለውን ሰው ሁሉ፣ አስራ አንዳችንንም፣ አንድ በአንድ አዩን። ስለ እሳት ዋሽተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

«ላምባ ነው» አሉ። «የጠራ ላምባ። በጣም አደገኛ።» ቡሹን ወትፈው የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«እንዲህ ያሉ ሰዎችን ጥለህ ነው ልትሄድ የነበረው?» አለቻቸው ልጃቸው።

«ሻንጣውን ያዘጋጀሽው አንቺ ነሽ።»

«ሻንጣው ይቆይ» አለችና ኤርሲሊያን ይዛ ወደ ካልሲዎቹ ወረደች። ኤርሲሊያ እየተገሠጸች እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ዶን ባልዶሜሮ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ከሰሉን ተረከቡኝ። ግማሽ ሽንኩርት በሹካ ወግተው የጋለውን ፍርግርግ አሹት፤ ፍሙን ወደ ዳር ሰበሰቡ፤ ጎድኑን አጋደሙ፤ ቋሊማውን ደረደሩ። ማንም አልተጠጋም። እንደዚያ ያለ ሥጋ በዓመት አንዴ ነው የሚበላው። ጨው ትንሽ በዝቶ ነበር መሰለኝ፤ በመሃል ጀርባቸውን ሰጥተው ከኪሳቸው ላምባውን አውጥተው ሲጎነጩ አየኋቸው።

ወደ ማምሻው ላይ ኢቮን ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። አንቱታዬ ተመልሷል።

«ዶን ሲሪሎ፣ በሐምሌ እርስዎም ደውለውልኝ ነበር። ሱቅ ልዘጋ ስል በየቀኑ እየመጣ የሙጫ ጣሳዎቼን ካልመረመርኩ ይለኛል፣ አንገሸገሸኝ ብለውኝ ነበር። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ያን ያህል ያስቸግርዎታል?»

«በጣም» አልኳት።

ወንበሯን ይበልጥ አስጠጋች። የአባቷን አፍንጫም ወርሳለች፤ የቀረ ነገር እንዳለ ሸተታት።

«ኦርቴንሲያ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው» አልኩ። «በሬን የሚያንኳኳ ሌላ ሰው የለኝም። አባትሽም ቢሆኑ እንዴት ዋልክ አይሉኝም። ደጃፉ ላይ ቆመው ‹ሙጫው ተከድኗል?› ነው የሚሉኝ።»

«እርስዎስ ምን ይሏቸዋል?»

«ተከድኖም ቢሆን፣ ክፍት ነው እላቸዋለሁ። ከዚያ ይገባሉ።»