ይማም ለውድድር የቀረበ ዕለት

ትናንት እኩለ ቀን ላይ፣ የወጣቶች በግ አርቢዎች ክበብ የዓመቱን ውድድር በሚያካሂድበት ሜዳ ዳር፣ ጎረቤታችን ይማም የፉርሽካ ጆንያ ተደግፎ ሳለ እንቅልፍ ጣለው፤ ሕልምም አየ።

ቢተኛ አይፈረድበትም። የኮሚቴ አባል ነው፤ ያውም ያለ አበል። ከንጋት ጀምሮ ጉረኖ ሲያጥር፣ በግ ሲመዝን፣ ገመድ ሲያድል ነው የዋለው። ዓመቱን ሙሉ ደግሞ በየቤቱ እየዞረ፣ ልጆቹ በጎቻቸውን በገዛ እጃቸው ማብላት ማጠጣታቸውን ይቆጣጠራል፤ ደንቡ እንደዚያ ነዋ። የኑሩ እናት ሁለት ቀን ለበጉ ውሃ ስትቀዳ ብትገኝ፣ ኑሩን ከውድድሩ የሰረዘው ይማም ነው። "እናቶች ያታልሉናል" ብሎ አዲስ ብልሃት ያመጣውም እሱ ነው። በጉ ከገመድ ይፈታል፤ ወደ ልጁ ከሄደ አለፈ፣ ወደ ሌላ ሰው ከሄደ ወደቀ። "በግ ያበላውን አይረሳም" አለ፤ ኮሚቴው አጨበጨበለት።

ጣጣው የገዛ ልጁ የከድጃ በግ ነው። ከድጃ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ስታጠና አንድ ቀን አበላላት። በማግስቱም አበላላት። ከዚያ ወዲያ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በጉን ወደደው። ልጅቱ ጠዋት ስትነሣ "አባዬ፣ በላ?" ትላለች፤ እሱም "በላ" ይላል። አራት ወር እንዲህ አለፈ። ትናንት ከሰዓት ደግሞ በጓ የሚፈታበት ተራ ነበር።

በሕልሙ ጉረኖው ውስጥ ቆሟል። አንገቱ ላይ ገመድ አለ። ከአጠገቡ የክበቡ ሊቀመንበር ወይዘሮ ትርንጎ ታስራ ገለባ ታላምጣለች። ከአጥሩ ውጭ በጎች ባርኔጣ ደፍተው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ሰው ይመርጣሉ።

"ትርንጎ፣ ምን ጉድ ነው ይሄ?"

"ዝም ብለህ ብላ። ሲፈሩ ኪሎ ይቀንሳል።"

መነጽር ያደረገች ፍየል መጥታ መንጋጋውን ፈልቅቃ ጥርሱን ቆጠረች። "አርባ ሁለት ዓመት ተብሎ ተመዝግቧል፤ ጥርሱ ግን ሃምሳን አልፏል" አለች። አንድ ጠቦት በቀበቶው አንጠልጥሎ ሚዛን ላይ ሰቀለው። "ሆዱን ከኪሎው ቀንሱ፤ የድግስ ነው" ብሎ ጻፈ። ሌላው የጆሮ ቁጥር ሊያደርግበት መጣ።

"እኔ እኮ ኮሚቴ ነኝ!"

"ሁሉም እንደዚያ ይላል" አለ ጠቦቱ፣ የይማምን ጆሮ እየዳበሰ።

ወዲያው ጉረኖው አዳራሽ ሆነ። በጎች ወንበር ላይ፣ ሰዎች ወለል ላይ። የከድጃ በግ የይማምን ገመድ ይዞ መድረክ ላይ ቆሟል። "ይህን ሰውዬ ያሳደግኩት ብቻዬን ነው" እያለ ይምላል። ፍየሏ ደንቡን አነበበች። "ጠቦቱ ሰውን ሲያሳድግ ማንም አያግዘው። አባት ካገዘው ይሰረዛል።" ከዚያ ወደ ይማም ጎንበስ አለች።

"አንተስ? ማን ነው የሚያበላህ?"

ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ አፉን ፉርሽካ ሞልቶታል። ቢውጠው አያልቅ፣ ቢተፋው አያልቅ።

"አልናገርም ብሏል። ፍቱት!"

ገመዱ ተፈታ። የከድጃ በግ ከፊቱ ቆሞ "ና፣ ይማምዬ፣ ና" ይለዋል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ይማም ሊሄድለት ፈለገ። ነገር ግን ከበሩ ኋላ አንድ ሸበቶ አውራ በግ አንገቱን ብቅ አድርጎ እፍኝ ባቄላ አሳየው። የይማም እግር ወደዚያ ታጠፈ። "አትሂድ!" አለው እግሩን። እግሩ አልሰማውም። ከፊት፣ ወለሉ ላይ፣ የኑሩ እናት ጀሪካኗን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ እርምጃውን ትቆጥራለች። "አንድ... ሁለት... ሦስት..."

"ይማም! ኧረ ይማም! ተነሥ፣ የከድጃ ተራ ደርሷል!"

ዓይኑን ገለጠ። ትርንጎ ደብተር ይዛ ከፊቱ ቆማለች፤ አንገቷ ላይ ገመድ የለም። ሜዳው መሐል ከድጃ እጆቿን ዘርግታ በጓን ትጠራለች። በጉ ተፈቷል። ልጅቱን አየት አደረጋት፤ አለፋት፤ ሕዝቡን ሰንጥቆ፣ ቀጥ ብሎ መጣና ግንባሩን በይማም ጉልበት ላይ አሳረፈ።

"ሂድ ወዲያ" አለው ይማም በሹክሹክታ። "ወላሂ፣ አላውቅህም።"

በጉ ጆሮውን ላሰው።

ከድጃ እጆቿን እንደዘረጋች ቀረች። "አባዬ..." አለች።

ትርንጎ ደብተሩን ገልጣ እስክሪብቶውን አቀበለችው። "በል፣ ሰርዛት። ሥራው ያንተ ነው።"

"ኧረ አታጣድፉት" አለች የኑሩ እናት ከኋላ። "መጀመሪያ አፉ ላይ ያለውን ፉርሽካ ይጥረግ።"