አባቴን ግምገማ ላይ ያቆመው ብሩሽ

ለመላጨት ሳይሆን አረፋ ለመቀባት ብሎ የሚላጭ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ አለኝ፤ አባቴ ነው። እዚሁ ቦንጋ ያለ እንጨት ጠራቢ ከዋንዛ ጠርቦ፣ የፈረስ ጭራ ሰክቶ የሠራለትን የጺም ብሩሽ ጉንጩ ላይ ሲያዞር ዓይኑን ይጨፍናል። እጀታው ደግሞ ሲያምር! ጺም ቢኖረኝ ኖሮ ሰርቄው ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ ሥራ ረፈደ እኮ!" ትለዋለች እናቴ። ማን ሰምቷት!

እንዲህ ሲያረፍድ ስለከረመ መሥሪያ ቤቱ ግምገማ ላይ አቆመው። ከደረጃው ሊወርድ ነው ተብሎ ያን ቀን ቤታችን ምሳ እንኳ የበላ የለም።

እሱ ማታ እንደነገረን፣ ሂሱን ሁሉ ከሰማ በኋላ ብሩሹን ከኪሱ አውጥቶ "ጥፋተኛው ይኸውላችሁ" አለ። ሰብሳቢው ብሩሹን በቁጣ ተቀበሉት፤ ጉንጫቸውን ዳሰስ አደረጉበትና ጎናቸው ላለው ሰው አቀበሉት። ከዚያ ብሩሹ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ እንኳ ሁለት ጊዜ ሞከረችው!

በመጨረሻ ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ከነገ ጀምሮ አንድ ሰዓት ቀድመው ይነሱ" ብለው ጉዳዩን በዚያው ዘጉት።

አባቴ ውሳኔውን አክብሮ ማልዶ ይነሳል፤ በሰዓቱም ቢሮ ይገባል። አሁን የሚያረፍዱት፣ እዚያው ጠራቢ ዘንድ ብሩሽ ያሠሩት ሰብሳቢው ናቸው።