አቶ አያሌው ያልሸጡት መጽሐፍ

ነውረኛ መጽሐፍ አልሸጥም የሚል ነጋዴ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በንጉሡ ጊዜ ቢቸና አስተማሪ ሳለሁ አንድ አውቅ ነበር። አቶ አያሌው ይባላሉ። በሱቃቸው አንድ ወገን እሳቸው መጽሐፍ፣ በሌላው ወገን ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች ጨው ይሸጣሉ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ልብ ወለድ መጣላቸው። በታሪኩ አንዲት ሚስት ሰው ፊት የሚያመናጭቃትን ባሏን ጥላ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። አቶ አያሌው ይህን ሲያነቡ "አገር ያፈርሳል!" ብለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ይሁንና ለምን እንደማይሸጡት ለጠየቃቸው ሁሉ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር፣ የሚስቲቱን ድምፅ ሳይቀር እያስመሰሉ ይተርኩለታል። የገበያ ቀንማ ደጃፉ በሰሚ ይሞላል። መሐል ላይ ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ "አንቺ ደንቆሮ፣ ምን ታፈጫለሽ? ጨውሽን ስፈሪ!" ይላሉ።

"ለመሆኑ ሴትዮዋ በኋላ ምን ሆነች?" ብለው ጠየቁ አንድ ቀን ወይዘሮ አሰገደች።

"ምን ትሆናለች? ተመቻት እንጂ! ነውሩ እኮ መመቸቷ ነው!"

በማግስቱ ወይዘሮ አሰገደች ሞጣ፣ እህታቸው ቤት ገቡ።

አቶ አያሌው አንድ ሽማግሌና እኔን ይዘው ተከተሏቸው። "ፊደል ሳትቆጥሪ ይህን ማን አስተማረሽ?" አሉ ሽማግሌው እኔ ላይ እያፈጠጡ።

"እሳቸው ናቸው" አሉ ወይዘሮ አሰገደች ወደ ባላቸው እያመለከቱ። "እግዜር ይስጣቸው፣ ደጋግመው አስረድተውኛል።"

አቶ አያሌው ዳግመኛ ሰው ፊት ላያመናጭቋቸው ምለው ታረቁ። ስንመለስ አውቶቡሱ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "መምህር፣ ዝም ብዬ ብሸጠው ይሻል ነበር ይሆን?" አሉኝ።

በቢቸና ማንበብ ከሚችለው መስማት የሚችለው ይበዛልና፣ "ሳይሻል አይቀርም" አልኳቸው።