በሦስት ጓጉንቸር የተቆለፈ መብት

ስለ ሕዝብ መብት ማሰብ እንቅልፍ ያሳጣል ይባላል፤ እውነት ነው። ከድንበር ማዶ፣ ካፉሪ በሚባለው ሰፈር፣ በኡስታዝ በሽር ቤት፣ ሦስት የተከበሩ ሰዎች ስለ መብት አሰቡ፤ እንቅልፍ ያጣችው ግን የቤቱ ሠራተኛ ሬሕማ ነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ጋብ ብሎ ሰው ወደ ሰፈሩ ሲመለስ፣ ጠበቃው ኡስታዝ በሽር፣ ነጋዴው ሓጅ ጂብሪልና የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ኢክሪማ «የሰፈሩ የመታጠቅ መብት ጊዜያዊ ምክር ቤት» የሚባል ነገር አቋቋሙ። አንዳንድ ክላሽም ገዙ። ታዲያ የሦስቱ ፖለቲካ ለየቅል ነውና አንዱ ሌላውን ታጥቆ ማየት አልወደደም። ስለዚህ መብታቸው እንዳይነካ መብታቸውን አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡት፤ በሩ ላይ ሦስት ጓጉንቸር አንጠልጥለው ቁልፉን ለየራሳቸው ያዙ። እንዲህ ያለ ብልሃት መቼስ ከተማረ ሰው ካልሆነ ከየትም አይመጣም።

ክፍሉ የሬሕማ ነበር።

«ወለሉ ይረጥባል፤ ብረት ይዝጋል» አሉ ኡስታዝ በሽርና ክላሾቹን አልጋዋ ላይ አስተኟቸው። ብርድ ልብሷንም አለበሷቸው።

«እኔስ፣ ያ ኡስታዝ?» አለች ሬሕማ።

«አንቺ ማድ ቤት። አንቺ እንኳ አትዝጊም፣ ማሻአላህ።»

ከወሎ ከወጣች ወዲህ ሬሕማ «የኔ» የምትለው ነገር ቢኖር በላቧ የገዛችው ያ አልጋ ነው። ጎኗ ሲሚንቶ ላይ ሰነበተ። ሻይ ይዛ በገባች ቁጥር ትጠይቃለች።

«አልጋዬን መቼ ነው የምትለቁልኝ?»

«ስንስማማ፣ ኢንሻአላህ።»

እነሱ እቴ፣ መቼ ሊስማሙ። አንድ ቀን ሓጅ ጂብሪል ተምር እያላመጡ፣ «ማንኛውም ሰው ቤቱንና ነፍሱን የመከላከል መብት አለው» ብለው ተናገሩ።

«ማንኛውም ሰው ሲባል እኔም አለሁበት?» አለች ሬሕማ።

«አንቺ እንግዳ ነሽ።»

«ቤታችሁን ስጠርግ ያረጀሁት እንግዳ?»

«እንግዳ ክቡር ነው። ሻይ ጨምሪ።»

በሌላ ቀን ቀትር ላይ ምክር ቤቱ «ሌባ» ለሚለው ቃል ትርጉም ሲሰጥ፣ ሌባው ራሱ ግንብ ዘሎ ገባና የውኃውን ሞተር መፍታት ጀመረ። ሦስቱም ወደ ክፍሉ ሮጡ። ኡስታዝ በሽር የራሳቸውን ጓጉንቸር ከፈቱ። ሓጅ ጂብሪል «መጀመሪያ ማን እንደሚታጠቅ ይወሰን» ብለው ቁልፋቸውን ጨበጡ። ዶክተር ኢክሪማ ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «የኔ በሌላው ጀለቢያዬ ቀርቷል» አሉ።

ሬሕማ አሲዳ የሚሉትን ገንፎ እያገነፋች ነበር። ማማሰያውን ከነትኩሱ ይዛ ወጣችና ሰውየውን ማጅራቱ ላይ ለጠፈችለት። ሞተሩንም ጫማውንም ጥሎ በመጣበት ዘለለ።

ምክር ቤቱ በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ሬሕማ ምስጋና መስሏት ሻሿን አስተካክላ ቆመች።

«ባልተፈቀደለት ሰው እጅ የሚገኝ መሣሪያ ለሰፈሩ ሰላም አስጊ ነው» አሉ ኡስታዝ በሽር፣ ድምፃቸውን አወፍረው። ማማሰያው ከክላሾቹ ጋር ይቆለፍ ተባለ። ሦስቱ በአንድ ድምፅ የተስማሙበት የመጀመሪያው ጉዳይ ይኸው ነው። ዶክተሩም ለዚህ ሲሆን ቤታቸው ሮጠው ቁልፉን አመጡ።

በማግስቱ ሦስቱ እጃቸውን ታጥበው ለምሳ ተቀመጡ። ሬሕማም እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«አሲዳውስ?» አሉ ሓጅ ጂብሪል።

«ማማሰያው ተቆልፎበታል። በጣቴ አላማስለው።»

«ሌላ እንጨት ጠፋ?»

«ሞልቷል። ይዤ ብገኝ ግን ታጠቀች ትሉኛላችሁ።»

ሦስቱ ተያዩ። ያለ አጀንዳ፣ ያለ ንግግር፣ ቁልፎቹ ከየኪሱ ወጡ፤ ጓጉንቸሮቹ ባንድ ትንፋሽ ተከፈቱ። ሬሕማ «ቆዩ፣ እኔው አነሳዋለሁ» ብላ ገባችና በሩን ከውስጥ ሸጎረችው። ክላሾቹ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ሲጋደሙ ተሰማ። ቀጥሎ አልጋው ሲጢጥ አለ።

«ያ ሬሕማ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አሉ ኡስታዝ በሽር።

«ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«ብረቱ ወለል ላይ ይዝጋል እኮ።»

«ይለምደዋል። እኔም ለምጄዋለሁ።»

«ምሳውስ መቼ ነው?»

«ስንስማማ» አለች፣ ብርድ ልብሷን ወደ አገጯ እየሳበች፣ «ኢንሻአላህ።»